አዘጋጄ «ሊዱ የታለ?» ብሎ መለሰልኝ። ፊቸር የምትጽፉ ሰዎች እስቲ እርዱኝ

ሰማያዊ ደብተር (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለመድረኩ። ጋዜጣ ቤት ከገባሁ ገና ነኝ። እስካሁን የምሠራው ዜና ነበር። መግለጫ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ያልፋል። አሁን ግን ለእሁድ እትም ስለ ምናለሽ ተራ ፊቸር (ከዜና ረዘም ያለ፣ ሰውንና ቦታን የሚያሳይ ጽሑፍ) ጻፊ ተባልኩ። ሄድኩ፣ አየሁ፣ ጻፍኩ። አዘጋጄ ከላይ በኩል «ሊዱ (መክፈቻው) የታለ?» ብሎ ብቻ ጽፎበት መለሰልኝ። ሌላ ምንም አላለም። አጀማመሬ ይህ ነው፦

«አበው ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው› እንዲሉ፣ መርካቶ በርካቶች ተደጋግፈው የሚኖሩባት የንግድ ማዕከል ናት። በአፍሪካ ካሉ ግዙፍ ክፍት ገበያዎች መካከል አንዷ እንደሆነች የሚነገርላት መርካቶ በውስጧ በርካታ ተራዎችን አቅፋ ይዛለች። ከእነዚህም መካከል ምናለሽ ተራ አንዷ ስትሆን፣ በዚህች ተራ ያገለገሉ ዕቃዎች ዳግም ሕይወት ይዘራባቸዋል።»

ምኑ ላይ ነው ችግሩ? ቋንቋው ነው ወይስ ሌላ?

ቀይ እስክሪብቶ

እህቴ፣ ቋንቋው ምንም አይልም። ችግሩ ይህን ለመጻፍ ምናለሽ ተራ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቢሮ ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጡ ይጻፋል። አዘጋጅሽ ሊዱ የታለ ያለው፣ የሄድሽበት ምልክት የታለ ማለቱ ይመስለኛል።

አንድ ቀላል ፈተና ልስጥሽ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በኋላ ምናለሽ ተራን አውጪና ሸማ ተራን አስገቢ። ይሄዳል። ጎማ ተራን አስገቢ። አሁንም ይሄዳል። ለሁሉም የሚሆን መግቢያ የማንም አይደለም።

የጻፍሽውን ለጊዜው እርሺው። ደብተርሽ ላይ ያለውን ንገሪን። ምን አየሽ? ምን ሰማሽ? ማን ምን ሲያደርግ ነበር? ሳታሳምሪ ዘርግፊው።

መስመር ዳር

«አበው እንዲሉ» በሕግ መከልከል አለበት። ሌሎችም አሉኝ፦

«ሰዓቱ ከማለዳው 12 ሰዓት ከ30 ነው። ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ብላ...»

«ስንቶቻችን ነን ስለ... አስበን የምናውቀው?» (ማንም። ለዚህ አይደል እንዴ ጋዜጣውን የገዛነው?)

«ፊቷ ላይ የኑሮ ጫና ይነበባል።» እንዴት እንደሚነበብ ግን ተጽፎ አያውቅም።

እኔም አንባቢ ነኝ፣ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ግን ከእነዚህ አንዱን ካየሁ ገጹን እገለብጣለሁ።

ዜና ዴስክ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁሉም ነገር በትዕይንት ይጀመር የሚባለው ፋሽን ሰልችቶኛል። ሰው ዜና የሚፈልገው ለማወቅ ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከእነዚህ ዋናው ከላይ ይሁን፣ ሌላው እንደ ክብደቱ ወደ ታች ይውረድ። የተገለበጠ ፒራሚድ የሚባለው ይኸው ነው። ገጽ ሲጠብ ከሥሩ ይቆረጣል፣ ዜናው ግን አይሞትም። ገጽ ሲዘጋ የሠራ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

እኛ ጋ ያለው በሽታ ፒራሚዱ አይደለም። ፒራሚዱ ጫፍ ላይ ባለሥልጣን ማስቀመጣችን ነው። አሁን ከራሴ የፈጠርኩት ምሳሌ ይኸውና፣ ግን እንደዚህ ያለ በየቀኑ ታነባላችሁ፦

«የክፍለ ከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ እገሌ በትናንትናው ዕለት በጽሕፈት ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ፣ የኅብረተሰቡን የንጹሕ መጠጥ ውሃ ፍላጎት ለማሟላት በተያዘው ዕቅድ መሠረት በሚከናወነው የዋና መስመር ጥገና ምክንያት ለሦስት ተከታታይ ቀናት የውሃ አቅርቦት እንደሚቋረጥ ገለጹ።»

ውሃው የት ነው ያለው? መጨረሻ ላይ። እዚያ እስክትደርስ ጄሪካኑን ሳትሞላ ይመሻል።

«ከነገ ጀምሮ ለሦስት ቀን በክፍለ ከተማው ውሃ አይኖርም። ዋናው መስመር ሊጠገን ነው። ይህን ለጋዜጠኞች የተናገሩት የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው።»

በቃ። አዳራሹ ማንን ይመለከታል?

ግስ አሳዳጅ

ዜና ዴስክ ያነሳኸው ነገር ከሰዋስው ጋርም ይያያዛል። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰውየው ገለጹ፣ አሳሰቡ፣ አስተባበሉ፣ እዚያ ድረስ አናውቅም። በመሃል «በተያዘው ዕቅድ መሠረት በሚከናወነው» እየተባለ ሲጠመጠም አንባቢ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የውጭ ዜና ስንመልስ ይብሳል። እዚያ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር የተጻፈውን እኛም በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፍን እንላለን። ለምን? ሦስት ቦታ ቁረጠው። አራት ነጥብ በነጻ ነው።

ደግሞ «ተናገሩ»ን የምንፈራው ለምንድን ነው? አንድ ሰው ሲናገር ይናገራል። «አብራሩ»፣ «አስገነዘቡ»፣ «አሰመሩበት» ስንል ሳናውቀው ለሰውየው ወገንን ማለት ነው። ያስገነዘበ ሰው እውነቱን ነው የተናገረው፣ አይደል?

የአርሊንግተን ጎረቤት

ሰላም ከዲሲ አካባቢ። ክሩን ሳነብ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። ከምኖርበት ሩቅ አይደለም የሆነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሲቀበሩ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ዋሽንግተን ነበር። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ባለቤታቸው ጻፈ። የኒውዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩኑ ጂሚ ብሬስሊን ግን መቃብሩን የቆፈረውን ሰው ፈለገ። ጽሑፉ የሚጀምረው ሰውየው እሁድ ጠዋት ቤቱ ቁርስ ላይ እያለ ስልክ ሲደወልለት ነው። ለሥራ ነበር የተፈለገው። ክፍያው በሰዓት 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም ነው። ይህች ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ አለች። ምንም አልተባለላትም። «ምስኪን» የሚል ቃል የለም። ሌላው ሁሉ ወደ ታላላቆቹ ሲሮጥ እሱ አካፋው ጋ ሄደ። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች እስካሁን ይነበባል።

ግን ዜና ዴስክ ያለውም ልክ ነው። በአንድ ሰው ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ የማይናገር ጽሑፍ ያናድዳል። የዎል ስትሪት ጆርናል የፊት ገጽ ፊቸሮች በዚህ ይታወቃሉ። በአንድ ሰው ይጀምራሉ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው አንቀጽ አካባቢ ይሰፉና «ይህን የምንነግርህ ለዚህ ነው» ይላሉ። ናት ግራፍ ይሉታል።

መስመር ዳር

እኔ «ምን ይጠበስ አንቀጽ» ብዬዋለሁ። አንባቢው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ከማለቱ በፊት መምጣት ያለበት አንቀጽ።

ቀይ እስክሪብቶ

መስመር ዳር፣ ይህን ስም ከዛሬ ጀምሮ ዴስኩ ላይ እጠቀምበታለሁ። ገንዘብ ግን አልከፍልህም።

ሬዲዮኛው

ከሬዲዮ ልጨምር። እኛ ጋ ሊድ ማለት የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት። አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። ካልገባው ጣቢያ ይቀይራል።

ስለ ሊድ ከተነሳ ደግሞ አገራችንን የሚመለከት ትልቅ ምሳሌ አለ። የ77ቱ ረሃብ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ላይ የቀረበው የማይክል በርክ ዘገባ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። ዘገባው በቁጥር አይጀምርም። በባለሥልጣን አይጀምርም። ኮረም ዳር ካለው ሜዳ ላይ ይነጋል። የሌሊቱ ብርድ ገና አልለቀቀም። ብርሃኑ ሲወጣ የሚያሳየው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ የሚመስል ረሃብ ነው፣ ያውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን። ሃሳቡ ይኸው ነው። ቁጥሩ ቀጥሎ መጣ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ አይቶ ተነሳ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይቭ ኤድ የተባለው የዕርዳታ ኮንሰርት መጣ።

ከላይ ፀሐይ ስትወጣ የሚጀምረውን መግቢያ ሰድባችኋል። በርክም በንጋት ነው የጀመረው። ልዩነቱ የእሱ ንጋት ሥራ አለው። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ማን እንደተኛ፣ ማን እንዳልተነሳ የሚታየው ሲነጋ ነው። ለማሳመር የገባ ጎህ አይደለም።

የወሎ ልጅ

ሬዲዮኛው፣ ዘገባው ሰው አትርፏል። አልክድም። ግን ሌላም ነገር ሠርቷል። ያ ሊድ ከሜዳው አልወጣም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ውጭ አገር «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ስትል ሰው ፊት ላይ የምታየው ኮረም ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ረሃብ ሲባል ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ጦርነቱስ? ከዘገባው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በድምቀት ሲከበር የወሎ ገበሬ እየተሰደደ ነበር። ይህ በሊዱ ውስጥ የለም።

እኔ የምለው፣ ጥሩ ሊድ ኃይለኛ ነገር ነው። ሰው የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚያስቀርም አስቡ።

ሬዲዮኛው

ልክ ነህ። የእኔ መልስ አንድ ናት፦ ሁሉንም ምክንያት ሊድ ውስጥ ብትከት ማንም አይሰማህም ነበር። ምክንያቱ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ዘገባ ውስጥ መምጣት ነበረበት። እዚያ ላይ ከሆነ ጥያቄህ እስማማለሁ።

የወሎ ልጅ

ሁለተኛውን ማን አየው? ነገሬም እሱ ነው።

ሰማያዊ ደብተር

ጋሽ ቀይ እስክሪብቶ፣ እንዳሉኝ ደብተሬን ልዘርግፈው። ቅደም ተከተል የለውም።

ቆራሌዎቹ ጠዋት ከየሰፈሩ የሰበሰቡትን ይዘው ይመጣሉ። ጆንያ ሲራገፍ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ስቶቭ ይወጣል።

በርሜል የሚቆርጡ አሉ። በርሜል ወደ ከሰል ምድጃና ወደ አክምባሎ ይቀየራል። አንድ አዛውንት በርሜል ከመግዛታቸው በፊት በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኳሉ። «ይህ ስስ ነው፣ እሳት አይችልም» ብለው መለሱት። እኔ ምንም ልዩነት አልሰማሁም።

አንድ ወጣት የተጣመመ ሚስማር ያቃናል። የሐዲድ ቁራጭ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ይመታል። እያወራኝ፣ ሚስማሩን ሳያይ ነው የሚመታው። በቲማቲም ቆርቆሮ በቁጥር በቁጥሩ ይለያል። አንድ ግንበኛ መጣና ሚስማሩን መዳፉ ላይ አንከባለለው። ከተወላገደ አይወስድም። «አዲሱን የት ችለነው» አለ።

ድምፁ ያደነቁራል። ለመነጋገር መጠጋጋት አለብህ።

ቀይ እስክሪብቶ

አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው ሃምሳ ሎሚ የምታመጪው?

«እርስዎ»ውን ተይው፣ እዚህ ሁላችንም ቅጽል ስም ነን። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ከእነዚህ ውስጥ ማታ ቤትሽ ሄደሽ ለሰው ያወራሽው የትኛውን ነው? ሊዱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ግንበኛው «አዲሱን የት ችለነው» ብሏል። ጽሑፍሽ ስለዚህ ነው ወይስ ስለ ሁሉም የምናለሽ ተራ ሰው? ስለ ሁሉም ከሆነ ስለ ማንም አይሆንም።

ሰማያዊ ደብተር

ለእናቴ የነገርኳት ስለ ሚስማሩ ነው። «ድሮ አባትሽም ያቃና ነበር» አለችኝ።

ዜና ዴስክ

በርሜሉ ይሻላል ባይ ነኝ። አንኳክቶ ማወቅ ሙያ ነው። አንባቢ ሙያ ይወዳል።

ቀይ እስክሪብቶ

ይወዳል። በርሜሉ ግን ስለ ዛሬ ምንም አይናገርም። ከሃያ ዓመት በፊትም ያንኳኩ ነበር። ሚስማሩ ውስጥ ዋጋ አለ፣ ገዢ አለ፣ ዛሬ አለ። እኔ ብሆን እንዲህ እሞክራለሁ፦

«የተጣመመ ሚስማር ሦስት ጊዜ ይመታል። አንዴ ወገቡን፣ አንዴ አናቱን፣ አንዴ ደግሞ ተገልብጦ። ከዚያ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ይወረወራል። ወጣቱ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሚስማሩን አያየውም። የሚያየው ደንበኛውን ነው።»

ቀጥሎ ግንበኛው ይምጣ፣ መዳፉ ላይ ያንከባልል፣ ያችን አንድ ቃሉን ይናገር። አራተኛው አንቀጽ ላይ ምን ይጠበስ። ለዚያ አንቀጽ ግን ገና ሥራ አለብሽ። አዲስ ሚስማር በኪሎ ስንት ነው? የተቃናውስ? አምና ስንት ነበር? አንድ ግንበኛ ስላለሽ ብቻ «ገዢው በዝቷል» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሌሎች ሻጮችን ጠይቂ፣ ሕንጻ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅም ግቢ።

ግስ አሳዳጅ

ሦስት ጊዜ መሆኑን ቆጥራለች?

ሰማያዊ ደብተር

አልቆጠርኩም። ወገቡንና አናቱን ሲመታ ግን አይቻለሁ።

ቀይ እስክሪብቶ

እንግዲያው የእኔ «ሦስት» ወደቀች። ቆጥሪና ያገኘሽውን ጻፊ። «ሁለት ሦስቴ» ከሆነም ሁለት ሦስቴ።

የአርሊንግተን ጎረቤት

ይህቺ ትንሽ ነገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋሽንግተን ፖስት ላይ ጃኔት ኩክ የምትባል ሪፖርተር ሄሮይን ሱስ የያዘው የ8 ዓመት ልጅ ታሪክ ጻፈች። አጻጻፉ ልብ የሚሰብር ነበር። ከተማው ልጁን ፍለጋ ወጣ። አልተገኘም። በቀጣዩ ዓመት ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመች። ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ማስረጃዋ ሲጣራ ሌላው ሁሉ ተተረተረ። ልጁ የለም። ሽልማቱ ተመለሰ፣ ሥራዋንም ለቀቀች። የሚገርመኝ አዘጋጆቹ ናቸው። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ልጁ የት ነው ያለው ብሎ አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም።

ዜና ዴስክ

እኛ ጋ ደግሞ «ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች አንዲት እናት» አለች። በየጋዜጣው አለች። ሁልጊዜ አምስት ልጅ አላት፣ ሁልጊዜ ቤት ኪራይ ጨምሮባታል፣ ሁልጊዜም ልክ ሪፖርተሩ እንደፈለገው ነው የምትናገረው። ስም መደበቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ግን አዘጋጁ ማን እንደሆነች ማወቅ አለበት፣ ስልኳም መዝገብ ላይ መኖር አለበት።

ቴሌግራም አድሚን

ከኔ በኩል አጭር። ቻናል ላይ ስትለጥፉት ሰው የሚያየው ፎቶውንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ነው። ሚስማሩ እዚያ ከታየ ይከፍታል። «አበው» ከታየ አይከፍትም። «ጉድ በል ምናለሽ ተራ!» ብላችሁ ርዕስ ካወጣችሁ ደግሞ ይከፍታል፣ ከዚያ ይሰድባችኋል። የሊዱ ተስፋ ከታች መከፈል አለበት።

ሰማያዊ ደብተር

ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ቆጠርኩ። ቀጭኑ ሁለት ይበቃዋል፣ ወፍራሙ አራትም ይደርሳል። የሁለቱንም ዋጋ ጻፍኩ፣ ሱቅም ገባሁ። ሻጮቹ ግን አልተስማሙም። አንዱ ገዢ በዝቷል አለ። ሌላኛው «ገዢው ያው ነው፣ የጠፋው የሚቃና ሚስማር ነው፣ ሰው አሁን አሮጌውንም አይጥልም» አለኝ።

ቀይ እስክሪብቶ

ይኸውልሽ! ሁለተኛው ሰውዬ ታሪክሽን ሰጠሽ። ሰው የተጣመመ ሚስማር መጣል ካቆመ ይህ ከዋጋ ዝርዝር በላይ ነው። ግን የአንድ ሰው ቃል ነው። ቆራሌዎቹን ጠይቂያቸው። ከቤት ወደ ተራው የሚያመጡት እነሱ ናቸው፣ ቀነሰ ካሉ ምን ይጠበስሽን አገኘሽ። የመጀመሪያውንም ሻጭ እንዳትጥዪው። አለመስማማታቸውን እንዳለ ጻፊው።

ስንት ቃል ነው የተሰጠሽ?

ሰማያዊ ደብተር

800። በርሜሉን የት ልክተተው?

ቀይ እስክሪብቶ

በ800 ቃል ሁለቱም አይገቡም። አዛውንቱን ለሌላ ጊዜ አቆዪያቸው፣ ለብቻቸው ፊቸር ይወጣቸዋል። ፒራሚድ ስላልሆነ ደግሞ ከሥሩ እንዳይቆርጡብሽ መጨረሻውን ለአዘጋጅሽ ቀድመሽ ንገሪው።

ዜና ዴስክ

ይቆርጡታል። ማስታወቂያ ከመጣ ይቆርጡታል።

ሰማያዊ ደብተር

ሃሃ፣ እሺ። ቆራሌዎቹ የሚገቡት በጠዋት ስለሆነ ነገ ማልጄ እሄዳለሁ። የሚሉኝን እዚሁ እለጥፋለሁ።